ተመዝግቧል

አጎቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «ቁጠረው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ታኅሣሥ 2016 ነው። ጭሮ፣ እናቴ ቤት፣ መብራት ሄዶ ሻማ በርቷል። አጎቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ በገለምሶና በመቻራ አካባቢ ገበያዎች ጀንፈል ሲገዛ ከርሞ መመለሱ ነበር። ለግዢው ከአንድ ቡና አቅራቢ 220,000 ብር ተቀብሏል። ስልኩ ላይ ያለው አፕ የወጣው 151,430 ብር ነው ይላል። እጁ ላይ የቀረው 4,250 ብር ነው። የጎደለው 64,320 ብር ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ አልተለወጠም።

አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«እያንዳንዱን ሰው አስገብቻለሁ» አለኝ። «ብሩን የምሰጠው አረንጓዴዋ ስትመጣ ነው። እንደዚያ አይደል ያልከኝ?»

እንደዚያ ነበር ያልኩት። መዛኙ ስም፣ ኪሎና ዋጋ ይሞላል፣ «መዝግብ» የሚለውን ይነካል፣ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ትልና ከሥሯ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ይወጣል። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አላሰብኩበትም።

የአጎቴን ሥራ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። በሐረርጌ ቡናው በአብዛኛው ታጥቦ አይሸጥም። ገበሬው ከነገለባው ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ እሱ ነው ጀንፈል የሚባለው። መዛኙ ገበያ ዳር ሚዛኑን ሰቅሎ ይቆማል። አንዷ 12 ኪሎ፣ አንዱ 30 ኪሎ ይዞ ይመጣል። ይመዘናል፣ ብሩ በእጅ ይሰጣል፣ ቡናው ጆንያ ውስጥ ይገለበጣል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የማን ቡና የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ መዝገቡ ብቻ ነው። ከእኔ አፕ በፊት መዝገቡ ካርኒ ነበር። ካርቦን ገብቶበት አንዱ ቅጠል ለገበሬው ይሰጣል፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ካርቦን?» ብዬ ያስጣልኩት እኔው ነኝ።

ቡናው ራሱ ሊመሰክርለት ይችል ነበር። የተገዛው ጀንፈል መጋዘን ደርሶ ሲመዘን ከአፑ በላይ ከሆነ ብሩ የት እንደገባ ይታወቃል። ግን የሦስት መዛኞች ጆንያ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ፣ አንድ ላይ ተራግፎ ነበር። አቅራቢው ክፉ ሰው አይደለም። አልጮኸም፣ ሌባም አላለውም። «እስከ እሑድ አጣራና ንገረኝ» ነው ያለው። አጎቴን እንቅልፍ የነሳው ይህ ለስላሳ ንግግር ነበር። ሃያ ዓመት ያህል መዛኝ ሆኖ ሲሠራ «አጣራ» ተብሎ አያውቅም።

ሌሊቱን ላፕቶፔን ከፍቼ በስልኬ ኢንተርኔት ሰርቨሩ ላይ ገባሁ። የአጎቴ መዝገቦች በጊዜ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ይቀጥላሉ። በመካከል ያሉት ሁለት የገበያ ቀናት የሉም። ተበላሽተው ወይም ተምታተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚጠገን ነገር ይገኝ ነበር። እነዚህ ግን ጭራሽ የሉም።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ሁሉንም ነገር ከዜሮ አንጽፍም። ዳታ የማስቀመጡን ሥራ ሌሎች ለጻፉት ዝግጁ ኮድ፣ ለላይብረሪ እንሰጠዋለን። የላይብረሪው ሥራ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ፕሮግራሙ ሲሞት ዳታው አብሮ እንዳይሞት ማድረግ። እኔ የመረጥኩት አፑን ክላውድ ላይ ካለ ዳታቤዝ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ፣ ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ፣ በአንድ ምሽት ነው የመረጥኩት። መስፈርቶቼን አስታውሳቸዋለሁ። ጊትሀብ ላይ ብዙ ኮከብ አለው። መመሪያው ያምራል። ሌላው በሠላሳ መስመር የሚሠራውን በሦስት መስመር ይሠራል። በካፌው ዋይፋይ ሞከርኩት፤ ጣቴን ከስክሪኑ ሳላነሳ አረንጓዴዋ ብቅ አለች። ደስ አለኝ።

ያ ፍጥነት ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ላይብረሪው መረጃውን ሰርቨር እስኪደርስ አይጠብቅም ነበር። ራም ውስጥ፣ ማለትም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ጊዜያዊ ቦታ፣ ወረፋ አስይዞ ለስክሪኑ «አልቋል» ይለዋል። ኔትወርክ ሲገኝ ቀስ ብሎ ይልካል። እዚህ ያለው ግምት ኔትወርኩ አሁኑኑ ይመጣል የሚል ነው። ኔትወርክ በሌለበት የመቻራ መንገድ ላይ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከመቶ እያንዳንዷ የባትሪ ነጥብ በምትቆጠርበት ቦታ ግምቱ አይሠራም። አርብ ማታ የአጎቴ ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ወረፋው አብሮ ጠፋ። ቅዳሜ ቻርጅ አድርጎ ሲከፍተው አፑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሣ።

ላይብረሪውን አልወቅሰውም። ወረፋውን ስልኩ ላይ በቋሚነት የሚጽፍ አማራጭ ነበረው፤ ሳይነኩት ሲቀር የተዘጋ ነው፣ በአንድ መስመር ይከፈታል። መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ። «በኋላ» ብዬ አለፍኩት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ልጅ ሆኜ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌው ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ያየሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው።

ከአጎቴ ጋር በማለዳ ተነሥተን፣ በኩኒና በበዴሳ አድርገን ገለምሶ ገባን፤ ከዚያ በሞተር ወደ ገበሬ ማኅበራቱ። ሐሙስና አርብ የሸጡለትን ሰዎች ቤት ለቤት መፈለግ ነው። ስማቸውን ሁሉ አያውቅም። «ቀይ ሻርፕ ያደረገችው፣ አህያዋ የምታነክሰው» እያለ ነው የሚያስታውሳቸው። እኔ ደብተር ይዤ እከተላለሁ። እሱ በኦሮምኛ ሰላምታውን ያስረዝማል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ እያፈረ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

ሰዎቹ ያስታውሳሉ። አንድ ሽማግሌ «23 ኪሎ ከግማሽ። ግማሿን ልትተዋት ፈልገህ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩህ» አሉት። አጎቴ ሳቀ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። አንዲት እናት ኪሎውን እንጂ ብሩን እርግጠኛ አልነበሩም። ግን ብሩን እንደተቀበሉ በቀጥታ ሱቅ ሄደው ዱቤያቸውን ከፍለውበታል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አወጣ። አርብ፣ የእሳቸው ስም፣ የተከፈለው ብር፣ የተረፈው። በቢክ እስክሪብቶ፣ ጥርት ብሎ ተጽፏል።

ያን ደብተር ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እኛ ሰፈር ለዚህ ነገር ትልቅ ስም አለን፤ አንድ መረጃ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲገኝ «ሬፕሊኬሽን» እንላለን፣ በወር በወር በዶላር እንከፍልበታለን። እዚህ አንድ ባለሱቅ ሳያስበው ለአጎቴ አስቀምጦለታል።

አሥራ አራት ሰዎች አገኘን። ድምራቸው 54,450 ብር ሆነ፤ አውራ ጣታቸውን አስፈረምናቸው። የ9,870 ብሩን ባለቤቶች አላገኘንም። አጎቴ ሦስት ሰዎች እንደሆኑ ያስታውሳል፤ ከቆላ ወጥተው ሸጠው የተመለሱ፣ ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቅ። እሑድ ዕለት ያን ገንዘብ ከኪሱ ሞልቶ ለአቅራቢው አስረከበ። እኔ ልክፈል ስለው «አቦ ተወኝ! አንተ ሚዛን ይዘህ ነበር እንዴ?» ብሎ ዘጋኝ። የተናገረው ለእኔ አዝኖ ይሁን ተናዶ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አዲስ አበባ ስመለስ አፑን ልጠግነው አልፈለግኩም። እንደገና ልጽፈው ተነሣሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የፊተኛው ነበር፦ ዳታውን በምን ላስቀምጥ? አሁን ግን መስፈርቱን ከኮከብና ከመስመር ብዛት አልጀመርኩም። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። «ተመዝግቧል» በሚለው ቃልና በእውነተኛው መመዝገብ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ኪሳራው የማን ነው?

የዳታቤዝ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ጠይቀውታል። በ1983 እ.ኤ.አ. ቲዮ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች አንድ አስተማማኝ ዳታቤዝ ሊያሟላቸው የሚገቡትን አራት ነገሮች «ኤሲድ» በሚል ምህጻረ ቃል ሰበሰቧቸው። የመጨረሻዋ ፊደል «ዲ» የምታመለክተው ዘላቂነትን ነው፦ ዳታቤዙ አንዴ «ገብቷል» ካለ፣ በሚቀጥለው ሰከንድ መብራት ቢጠፋ እንኳ ገብቷል ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን የዱቤ ደብተሩ ፊት ስቆም ነው።

ከፊቴ የነበሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ያው የፊተኛውን ላይብረሪ ይዞ ያችን አንዲት መስመር መክፈት። ሁለተኛው ስልኩን ባዶ መስኮት አድርጎ ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ ላለ ሰርቨር መስጠት፤ ኔትወርክ ከሌለ አፑ በግልጽ «አልችልም» ይላል። ሦስተኛው መጀመሪያ ስልኩ ላይ በቋሚነት መጻፍ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ሲገኝ ማስተላለፍ።

ሁለተኛውን የጣልኩት 2012ን አስታውሼ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ፣ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ በኮሮና ምክንያት ግቢው ተዘግቶ ጭሮ ነበርኩ። ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው እየተባለ ይቀለዳል። በእነዚያ ሳምንታት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ብቻም አልነበረም፤ የማትደርስበት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነበር። ገበያው ግን አልተዘጋም። ሰው ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይጽፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ «አልችልም» የሚል አፕ ለእኛ መንገድ አይሆንም።

አንደኛውን የጣልኩት ደግሞ ምክንያቱን ለአጎቴ ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው። ያቺ መስመር ብትከፈት ምናልባት ሁሉም ይስተካከል ነበር። ግን ወረፋው ስልኩ ላይ የት እንደተጻፈ፣ መቼ እንደሚሰረዝ፣ ሁለት ጊዜ ቢላክ ምን እንደሚሆን በራሴ ዓይን ማየት አልችልም። የላይብረሪው ምቾት የውስጡን መደበቁ ነው፤ እኔ አሁን የምፈልገው ማየት ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው፤ ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት። ምናልባት በዓለም ላይ በጣም የተሰራጨው ዳታቤዝ ነው፤ እያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው የነበረበት ሁኔታ የሚገርም ነው። ለአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ የሚያገለግል ፕሮግራም እየሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያገኘው ከአንድ የዳታቤዝ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ፕሮግራሙ መሥራት አይችልም፣ «ማገናኘት አልቻልኩም» የሚል መልእክት ብቻ ያወጣል። ሂፕ ታዲያ ሰርቨር የማያስፈልገው፣ በቀጥታ አንድ ፋይል ላይ የሚጽፍና የሚያነብ ዳታቤዝ ለምን አይኖርም ብሎ ተነሣ። የጦር መርከብና የመቻራ ገበያ ችግራቸው አንድ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኤስኪውላይት ላይም ቢሆን ቃሉ መቼ እንደሚነገር መምረጥ አለብህ። ፕሮግራም «ጻፍ» ሲል ስልኩ ወዲያው ቋሚው ማከማቻ ላይ አይጽፍም፤ ለፍጥነት ሲል መጀመሪያ ራም ላይ ያቆየዋል። የእውነት እንዲጻፍ «ኤፍሲንክ» የሚባል የተለየ ትእዛዝ አለ፤ ቀስ ይላል። ይህ ትእዛዝ መቼ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስን «ሲንክሮነስ» የሚባል ቅንብር አለ። በአንዱ አሠራር ፈጣን ነው፤ ኃይል ቢቋረጥ ፋይሉ አይበላሽም፣ ግን የመጨረሻዎቹ ጥቂት መዝገቦች ሊቀሩ ይችላሉ። በሌላው ቀርፋፋ ነው፤ ግን «ገብቷል» ካለ ገብቷል። ለብዙ አፕ የመጀመሪያው በቂ ነው። እኔ ሁለተኛውን ወሰድኩ። መዛኝ በደቂቃ አንድ ሰው ነው የሚመዝነው፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብትዘገይ ማን ያያታል?

ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስን መረጥኩ፤ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ሥሩ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የሚደርስ ዳታቤዝ ነው። እሱም ፍጹም አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. አዘጋጆቹ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ አንዴ ከሽፎ ዳታቤዙ እንደገና ሲሞክር፣ ሁለተኛው ሙከራ ያ ዳታ ሳይጻፍ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ፖስትግሬስ ለብዙ ዓመታት ያን መልስ አምኖ ኖሯል። መፍትሔ ያደረጉት ደስ ይላል፦ ኤፍሲንክ ከከሸፈ እንደገና አይሞከርም፤ ዳታቤዙ ሥራውን አቁሞ ይወድቅና ከመዝገቡ ተነሥቶ ያገግማል። የማያውቀውን «አውቃለሁ» ከማለት መውደቅን መረጠ።

በአፑና በፖስትግሬስ መካከል ደግሞ ኦአርኤም የሚባለው የላይብረሪ ዓይነት አለ፤ የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በፕሮግራም ቋንቋ ያለ ዕቃ አስመስሎ የሚያቀርብ፣ ኤስኪውኤል ከመጻፍ የሚገላግል። እንደ ሃይበርኔት ያሉት ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለዋል፤ ሠርቼባቸዋለሁ፣ አልንቃቸውም። እዚህ ግን አንዱን ሞክሬ የ300 ገበሬዎችን ዝርዝር ከነግዢያቸው ጠየቅኩት። አንድ ጥያቄ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በጠቅላላው 301 ጥያቄ ላከ። የራስህ ላፕቶፕ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ሲሆን እያንዳንዷ ጥያቄ የራሷን መንገድ ሄዳ ትመለሳለች። ኦአርኤሙን በትክክል ካዘዝከው በአንድ ጥያቄ ያመጣዋል። ግን እኔ የምጠይቀው በጠቅላላው አሥራ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው። አሥራ ሁለቱንም በኤስኪውኤል በእጄ ጻፍኳቸው። ከካርኒ ጥራዝ ያነሰ ፋይል ነው፤ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ፣ የማይገባኝ መስመር የለም።

ሌሎቹ ውሳኔዎች ከላይብረሪው ይልቅ ከሀገሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ኤስኪውላይት ለአስርዮሽ ገንዘብ የተለየ ዓይነት የለውም፤ ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ብርን በሳንቲም፣ ኪሎን በግራም፣ በሙሉ ቁጥር። ቀኑ ውስጥ ውስጡን በዓለም አቀፍ ሰዓት ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ እኛ ይቀየራል፤ ምክንያቱም 13ኛ ወር የሚቀበል የቀን ዓይነት እጄ ላይ ካሉት ላይብረሪዎች በአንዱም አልነበረም፣ ጳጉሜን ሁሌ እየተፋው ነበር። የመዝገቡ መለያ ቁጥር የሚወጣው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ፣ ገና ሲጻፍ ነው። በመንገድ ተቋርጦ ሁለት ጊዜ ቢላክም ሰርቨሩ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ አንዱን ያስቀራል።

ከሁሉ ያከራከረኝ የቦታ ስም ነው። ከተማችን ለአንዱ ጭሮ ናት፣ ለሌላው አሰበ ተፈሪ። አንድ መዛኝ በአንዱ ሲጽፍ ሌላው በሌላው፣ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ከተማ ሆና ትወጣለች። የሰው ስምም እንደዚያው ነው፤ መሐመድ በ«ሐ»ና በ«ሀ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። ሰዎችን አንድ ዓይነት አጻጻፍ ላስገድድ አሰብኩና ተውኩት። እንደጻፉት ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ ከጎኑ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት አንድ የተደረጉበት ቅጂ አለ። ከተማዋም አንድ መለያ ቁጥርና ሁለት ስም አላት።

መሰረዝ የሚባልም የለም። መዛኙ ቢሳሳት የፊተኛው መዝገብ እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ማረሚያ ይጻፋል፤ ካርኒ ላይ እንደሚደረገው። ካርኒ ተሳስቷል ተብሎ ቅጠሉ ተቀዶ አይጣልም፣ ተሰርዞበት ጥራዙ ላይ ይቀራል። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ካርኒ ነዋ የሠራኸው» አለኝ። ልክ ነው።

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። የክላውድ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። በሚሠራ ሰው የሚጠበቀውን፣ ውድ የሆነውን የዳታቤዝ አገልግሎት ትቼ ፖስትግሬስን በአንዲት ትንሽ ማሽን ላይ ራሴ ጫንኩ፤ በየሌሊቱ ቅጂ እወስዳለሁ፣ በየወሩ ደግሞ ቅጂው የእውነት እንደሚከፈት እሞክራለሁ። ስልኩ ላይ ያለው ሙሉ መዝገብ ስለሆነ ሰርቨሩ አንድ ቀን ቢተኛ ገበያ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ይህን ማድረግ የቻልኩት ሦስተኛውን መንገድ ስለመረጥኩ ነው።

ለመዛኞቹ ከመስጠቴ በፊት ጭሮ ገበያ ወርጄ ባትሪው የሚወጣ አሮጌ አንድሮይድ ገዛሁ። ፈተናው ቀላል ነው። መዝግብ፣ አረንጓዴዋን ጠብቅ፣ ባትሪውን ንቀል። መልሰህ አብራ፣ ቁጠር። ሃምሳ ጊዜ አደረግኩት፤ እናቴ ስልኩን የምጠግን መስሏት «አልሠራ ካለህ ለምን ሌላ አትገዛም?» ትለኛለች። ሃምሳውም ተገኙ። ከዚያ ቅንብሩን ወደ ፈጣኑ መልሼ እንደገና ሞከርኩ። ከሃምሳው ሦስት ጎደሉ። እነዚያን ሦስቱን ሳይ ሆዴ ባባ፤ ያላገኘናቸውም ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አሁን አፑ ላይ ያቺ አረንጓዴ ምልክት የለችም። በምትኳ ሁለት አሉ። መዝገቡ ስልኩ ላይ በቋሚነት ሲጻፍ አንድ ጭረት፣ ሰርቨሩ ተቀብሎ ሲመልስ ሁለተኛ ጭረት። ከሥራቸው «ስልክህ ላይ ተጽፏል» እና «ሰርቨር ደርሷል» ይላል። መዛኞቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ ይጠሯቸዋል። የመጀመሪያዋ «ቤት ገባ» ናት፣ ሁለተኛዋ «ጭሮ ደረሰ»። ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው። አላረምኳቸውም።

አጎቴ አሁንም ይመዝናል። ካርኒውንም መልሶ ይዟል፤ መጀመሪያ ካርኒው ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ። ሁለት ጊዜ መጻፍ አይሰለችህም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ገበሬውስ ምን ይዞ ይሂድ?» አለኝ። ለዚህ በአፑ በኩል መልስ የለኝም። ብሩን የሚወስደው ሰው እጅ ላይ የሚቀር ነገር፣ ኔትወርክም ስልክም የማያስፈልገው፣ እስካሁን ከዚያች ቀጭን ቅጠል የተሻለ አላገኘሁም።

የድሮውን ዳታ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ ሳዛውር አሥራ አራቱን ሰዎች በፈረሙት መሠረት አስገባኋቸው። ለቀረው አንድ መስመር ጨመርኩ። ቀን፦ ሐሙስ ወይም አርብ። ኪሎ፦ ባዶ። ብር፦ 9,870። ስም በሚለው ቦታ «ያልታወቀ» ብዬ ጽፌአለሁ። ከፋይ በሚለው የአጎቴ ስም አለ።